ሼርድ ፎልደር እምቢ ሲላችሁ፦ ቪኤሙን ከማጥፋታችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ

ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስሮጥ ፕሮግራም ነው፣ ያ የውስጡ ኮምፒውተር ቪኤም ይባላል) ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫናችሁ፣ ሴቲንግ ገብታችሁ ሁለቱ እንዲጋሩት ፎልደር ሼር አደረጋችሁ፣ ቪኤሙን ስትከፍቱት ግን ፎልደሩ የለም። ወይ አለ ግን ላዩ ላይ የቁልፍ ምልክት ተለጥፎበት ስትነኩት አልከፈትም ይላል። ወይ ደሞ ትላንት ማታ ሲሰራ የነበረው ዛሬ ጠዋት ድራሹ ጠፍቷል። እዚ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆች፣ ጠባሴ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያላቸው፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመሀል ሜዳ የሚደውሉ ሁሉ የሚጠይቁኝ ይቺኑ ነው፣ እና የሚያናድደው አብዛኞቹ የሚደውሉት ቪኤሙን አጥፍተው እንደገና ከጫኑ በኋላ ነው። ኧረ አታጥፉ! እንደገና ስትጭኑት ቢሰራ እንኳን ምኑ እንደነበር ሳታውቁት ነው የሚሰራው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ ይመጣል፣ ያን ሁሉ አፕዴት ደሞ በዳታ ፓኬጅ እንደገና ማውረድ ቀልድ አይደለም።

ሆስት የምለው ዋናውን ኮምፒውተር ነው፣ ጌስት የምለው ውስጡ የሚሮጠውን። በሁለቱ መሀል ፋይሉ የሚያልፍባቸው አራት ቦታዎች አሉ፣ ጌስቱ ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ሆስቱ ላይ የተመዘገበው ስምና ፓዝ (ፎልደሩ ያለበት አድራሻ)፣ ማውንት የሚባለው ማገናኛ፣ መጨረሻ ላይ የተጠቃሚው ፈቃድ። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ከዛ ወደ ቤት እየመጣችሁ የት ጋ እንደቆመ እንደምታዩት ነው፣ የት ጋ እንደተቆረጠ ካወቃችሁ ጥገናው የደቂቃዎች ሥራ ነው። የት ጋ እንደተቆረጠ ደሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ይነግራችኋል፣ ችግሩ ማንም ሰው ኤረሩን አያነበውም፣ ቀይ ነገር ሲያይ ይዘጋዋል።

አንድ ነገር ስለ አጻጻፌ። ኮማንዶቹን በስልክ ለሰው እንደማነበው ነው እዚ ምጽፋቸው፣ ኪቦርዱ ላይ ግን በእንግሊዘኛ ፊደል ነው የምትመቱት። ስላሽ ስል ወደ ቀኝ ያዘመመችዋን ነው፣ ባክስላሽ የተገላቢጦሹን፣ ሰረዝ ስል የመቀነስ ምልክቷን፣ ቲልዳ ስል እንደ ሞገድ የተጠማዘዘችዋን፣ አንደርስኮር ስል ከታች የምትሰመረዋን። ቪቦክስኤስኤፍ ስል ቪ፣ ቢ፣ ኦ፣ ኤክስ፣ ኤስ፣ ኤፍ ሁሉም በትንንሹ ፊደል አንድ ላይ ተገጥመው። ለምሳሌ እንዲሆነን ሆስቱ ዊንዶውስ፣ ጌስቱ ኡቡንቱ፣ ሼር የተደረገው ስም ደሞ ሲራ (ኤስ፣ አይ፣ አር፣ ኤ) ነው እንበል።

መጀመሪያ በእጃችሁ ማውንት አርጉትና ምን እንደሚል ስሙት

አውቶ ማውንት የሚለውን፣ ራሱ እንዲያገናኝ የሚያደርገውን ማለት ነው፣ ለጊዜው እርሱት፣ እሱ ሲከሽፍ ዝም ብሎ ነው የሚከሽፈው፣ ምንም አይናገርም። ጌስቱ ውስጥ ተርሚናል ክፈቱና ሆም ላይ ሆናችሁ ባዶ ፎልደር ፍጠሩ፣

ኤምኬዲር ቲልዳ ስላሽ ሙከራ

ከዛ ይቺን፣

ሱዶ ማውንት ሰረዝ ቲ ቪቦክስኤስኤፍ ሲራ ቲልዳ ስላሽ ሙከራ

ፓስወርድ ይጠይቃችኋል፣ ስትመቱት ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይም፣ ኮከብ እንኳን አያወጣም፣ ኪቦርዱ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጨርሳችሁ ኢንተር በሉ። አሁን ከሚከተሉት አንዱን ይላችኋል።

ሮንግ ኤፍኤስ ታይፕ ብሎ ረጅም ዓረፍተ ነገር ካወጣ ወይም አንኖውን ፋይልሲስተም ታይፕ ካለ ጌስቱ ቪቦክስኤስኤፍ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው፣ ድራይቨሩ የለም። ኖ ሰች ዲቫይስ ካለም እዛው ሰፈር ናችሁ፣ ሞጁሉ (ድራይቨሩ ማለት ነው) ከከርነሉ፣ ከሊኑክሱ እምብርት፣ ጋር አልተነሳም። ፕሮቶኮል ኤረር ካለ ድራይቨሩ ደህና ነው፣ ሆስቱን ጠይቆ ሆስቱ በዚ ስም የማውቀው ፎልደር የለኝም ብሎታል፣ ስለዚ ጌስቱን መነካካት አቁማችሁ ወደ ሆስቱ ሂዱ። ምንም ሳይል ዝም ብሎ ወደ ሚቀጥለው መስመር ከወረደ ሰርቷል፣ ሊኑክስ ሲሳካለት አያወራም፣ ኤልኤስ ቲልዳ ስላሽ ሙከራ ብትሉ ፋይሎቻችሁን ታያላችሁ፣ እና የእናንተ ችግር ወይ አውቶ ማውንቱ ነው ወይ ፈቃዱ ነው።

ስለ ፕሮቶኮል ኤረር አንድ የምታሳብድ ነገር ልጨምር። የቆማችሁበት ቦታ ላይ ከሼሩ ጋር አንድ አይነት ስም ያለው ፎልደር ካለ፣ ማለት ሆም ውስጥ ሲራ የሚባል ፎልደር ፈጥራችሁ ሆም ላይ ቆማችሁ ሲራን ማውንት አርግ ስትሉት፣ ኮማንዱ የሼሩን ስም ትቶ እዛ ያለውን ፎልደር ሙሉ ፓዝ ይወስደዋል፣ ከዛ ሆስቱ ላይ እንደዛ የሚባል ሼር ስለሌለ ይወድቃል። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ የማይሰራ የሚመስለው ለዛ ነው። ለዚ ነው ከላይ ሙከራ ያልኩት፣ የሼሩና የማውንቱ ስም ይለያይ፣ በቃ።

ድራይቨሩ ከሌለ

ጌስት አዲሽን የሚባለው ጥቅል ነው ይሄን የሚያመጣው። መኖሩን ለማየት፣

ኤልኤስሞድ ፓይፕ ግሬፕ ቪቦክስ

ፓይፕ ያልኩት የቆመችዋ መስመር ናት፣ ሺፍት ይዛችሁ ባክስላሽ ያለበትን ቁልፍ ስትጫኑ የምትመጣው። ቪቦክስጌስት እና ቪቦክስኤስኤፍ ሁለቱም ከመጡ ደህና ነው። ቪቦክስጌስት ብቻ ከመጣ ሱዶ ሞድፕሮብ ቪቦክስኤስኤፍ በሉና ማውንቱን ድገሙት።

እዚ ጋ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። ቪቦክስጌስት የሚባለው ሞጁል ከሊኑክስ ከርነል 4.16 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ 2018 ማለት ነው፣ ከርነሉ ውስጥ ገብቷል፣ ቪቦክስኤስኤፍ ደሞ ከ5.6 ጀምሮ በ2020። ስለዚ አዲስ ኡቡንቱ ላይ ምንም ሳትጭኑ ሞጁሉ ሊገኝ ይችላል፣ በእጅ ማውንት ስታደርጉት ይሰራል፣ አውቶ ማውንቱ ግን አይሰራም። ምክንያቱም ቡት ሲያደርግ ፎልደሩን አንስቶ የሚያገናኘው ከጀርባ የሚሮጠው ሰርቪስ ነው፣ እሱ ደሞ ከርነል ውስጥ የለም፣ ከጌስት አዲሽን ጋር ነው የሚመጣው። ግማሹ ይሰራል ግማሹ አይሰራም ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጉዳዩ ይሄ ነው።

ለመጫን ሁለት መንገድ አለ፣ አንዱን ምረጡ፣ ሁለቱን አትደባልቁ። ጌስቱ ኡቡንቱ ከሆነ እኔ የምመርጠው ይሄን ነው፣

ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ቨርቹዋልቦክስ ሰረዝ ጌስት ሰረዝ ዩቲልስ

ከከርነሉ ጋር አብሮ ስለሚሄድ አፕዴት በመጣ ቁጥር አይሰበርም። ሪስታርት አርጉና አበቃ።

ሁለተኛው ከሲዲው ነው። ኢንተርኔት ለሌላችሁ ወይም ዳታችሁ ላለቀ ሰዎች ጥሩ ዜና፣ ሲዲው ከኢንተርኔት አይወርድም፣ ቨርቹዋል ቦክስን ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ አብሮ ገብቷል፣ ሲ ድራይቭ ውስጥ ፕሮግራም ፋይልስ፣ ኦራክል፣ ቨርቹዋልቦክስ ብላችሁ ብትገቡ ጌስት አዲሽንስ የሚል አይኤስኦ ፋይል ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ። ቪኤሙ ክፍት ሆኖ ከላይ ዲቫይስስ የሚለውን ሜኑ ነክታችሁ ኢንሰርት ጌስት አዲሽንስ የሚለውን ምረጡ። ማስገባት አልተቻለም የሚል ሳጥን ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የገባ ሲዲ ስላለ ነው፣ ጌስቱ ውስጥ ፋይልስ ላይ ኢጀክት አርጉትና ድገሙት። ከዛ ሲዲውን ከፍታችሁ ባዶ ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ኦፕን ኢን ተርሚናል፣

ሱዶ ነጥብ ስላሽ ቪቦክስሊኑክስአዲሽንስ ነጥብ ረን

እዚ ጋ ቪው፣ ቢው፣ ኤልና ኤው ትልልቅ ፊደል ናቸው፣ የቀረው ትንሽ። ቪቦክስ ብላችሁ ትልቁን ኤል ጨምራችሁ ታብ ብትጫኑ የቀረውን ራሱ ይሞላላችኋል፣ እንደሱ አርጉ፣ በእጅ መጻፍ ለስህተት ነው። እየሮጠ እያለ ጂሲሲ፣ ሜክ፣ ፐርል የሚባሉትን ጫኑ ብሎ ከቆመ ሞጁሉን መገንባት አልቻለም ማለት ነው፣ እነሱን ለመጫን ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ እዚ ጋ ማምለጫ የለም፣

ሱዶ ኤፒቲ ኢንስቶል ቢልድ ሰረዝ ኢሴንሻል ዲኬኤምኤስ ሊኑክስ ሰረዝ ሄደርስ ሰረዝ ዶላር ምልክት፣ ቅንፍ ክፈት፣ ዩኔም ሰረዝ አር፣ ቅንፍ ዝጋ

መጨረሻ ላይ ያለችው ዩኔም ሰረዝ አር አሁን እየሮጠ ያለውን ከርነል ቁጥር ራሷ ታመጣለች፣ ቁጥር እየቀዳችሁ አትቸገሩ።

ትላንት ሲሰራ ዛሬ የጠፋባችሁ ሰዎችም መልሱ እዚሁ ነው። ኡቡንቱ ሳይጠይቃችሁ የሴኩሪቲ አፕዴት የሚያወርድበት ነገር አለው፣ አንድ ቀን አዲስ ከርነል ይዞ ይነሳል፣ ከሲዲው የተገነባው ሞጁል ደሞ ለድሮው ከርነል የተሰፋ ነው። ከላይ ያለችዋን ሄደርስ የምትጭን ኮማንድ ሩጡና ከዛ፣

ሱዶ ስላሽ ኤስቢን ስላሽ አርሲቪቦክስአድ ሴትአፕ

ካልተሳካ ስላሽ ቫር ስላሽ ሎግ ውስጥ ቪቦክስአድ ሰረዝ ሴትአፕ ነጥብ ሎግ የሚባል ፋይል አለ፣ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፣ ከላይ ጀምራችሁ አታንብቡ ትሰለቻላችሁ። ሆስቱ ላይ ያለውን ቨርቹዋል ቦክስ ወደ አዲስ ቨርዥን ካሳደጋችሁት ደሞ ጌስት አዲሽኑንም አብራችሁ ከአዲሱ ሲዲ ጫኑት፣ ትንሽ ቢለያይ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ዋና ቁጥሩ ሲለያይ ግን አትመኑት።

ሌላው ሴኪዩር ቡት ነው፣ ሲነሳ ፊርማ የሌለውን ነገር የሚያግድ ጥበቃ። ቪኤሙን ስትፈጥሩ ኢኤፍአይና ሴኪዩር ቡት ካበራችሁ ከሲዲው የተገነባው ሞጁል ፊርማ ስለሌለው ከርነሉ አይቀበለውም፣ ሞድፕሮብ ስትሉት ስለ ኪይ የሚያወራ ነገር ያወጣል፣ ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ ምናምን። ለመማሪያና ለሙከራ ለሆነ ቪኤም በኔ እምነት ሴኪዩር ቡቱን ማጥፋት ነው፣ ቪኤሙን ዝጉ፣ ሴቲንግ፣ ሲስተም ውስጥ ገብታችሁ ምልክቱን አንሱ። ፊርማ አስመዝግቤ ልጠቀም የሚል ካለ ይቻላል፣ ግን ለአንድ ፎልደር ያን ያህል መድከም ለምን።

ሆስቱ ላይ

ይሄ ፈጣን ነው። ሴቲንግ፣ ሼርድ ፎልደርስ ግቡ። ሁለት ክፍል አለው፣ ማሽን ፎልደርስ እና ትራንዚየንት ፎልደርስ። ቪኤሙ ክፍት ሆኖ ፎልደር ስትጨምሩ ሜክ ፐርማነንት የምትለዋን ሳጥን ካልነካችሁ ትራንዚየንት ውስጥ ይገባል፣ ቪኤሙ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። እዚ መብራት ድንገት ሲሄድ ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ሰዎች መብራቱ ፎልደሬን በላው ይላሉ፣ መብራቱ አይደለም፣ ያቺ ሳጥን ናት።

ስሙን ፎልደር ኔም የሚለው ቦታ ላይ በእንግሊዘኛ፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ አጭር አርጉት። የሆስቱ ፎልደር ራሱ የፈለገውን ቢባል ችግር የለውም፣ የ2017 ደረሰኝ የሚል የአማርኛ ስም ይሁን፣ ውስጡ ያሉት ፋይሎችም በአማርኛ ይሁኑ፣ የሼሩ ስም ግን ተርሚናል ላይ እየደጋገማችሁ የምትጽፉት ስለሆነ አታክብዱት። የአማርኛ ፋይል ስሞቹ ጌስቱ ውስጥ የጥያቄ ምልክት እየሆኑ ከመጡባችሁ ማውንቱ ላይ ሰረዝ ኦ ብላችሁ አይኦቻርሴት እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ8 የሚለውን ጨምሩ። ሳጥን ሳጥን ሆነው ከመጡ ግን ያ የፎንት ጉዳይ ነው፣ የግዕዝ ፎንት ጫኑ፣ ሼሩ ምንም አልሆነም።

ደሞ ፓዙን እዩ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ያለ ፎልደር ሼር ካደረጋችሁ ዊንዶውስ የድራይቩን ፊደል ይቀያይራል፣ ትላንት ኢ የነበረው ዛሬ ፍላሽ ቀድሞ ስለተሰካ ኤፍ ይሆናል፣ ቨርቹዋል ቦክሱ ግን አሁንም ኢን ነው የሚፈልገው። ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ እንደ ዋይ ያለች ሰው የማይነካት ፊደል ስጡት።

ፍላሽ ካነሳን አይቀር፣ ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሰዎች ስሙኝ። የደንበኛ ፍላሽ ቪኤም ውስጥ ለመክፈት ብላችሁ ከሆነ ሼርድ ፎልደሩን ያበራችሁት፣ ሪድ ኦንሊ የምትለዋን ሳጥን ነክታችሁ ተዉት። ፎልደሩን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ጌስቱ ውስጥ ቢገባ ሪድ ኦንሊ ያልሆነ ሼር ለሱ የተከፈተ በር ነው፣ ሆስቱ ላይ ያለውን ፋይል መጻፍም ማጥፋትም ይችላል። ሲ ድራይቭን በሙሉ ሼር የሚያደርግ ሰውማ አለ፣ ምን ልበለው። ደሞ በተቃራኒው መጻፍ አልቻልኩም፣ ሪድ ኦንሊ ፋይል ሲስተም ይለኛል የምትሉ ይቺን ሳጥን መጀመሪያ እዩ።

ቁልፍ ምልክት ያለበት ፎልደር

አውቶ ማውንት ሲሰራ ፎልደሩን ስላሽ ሚዲያ ስላሽ ኤስኤፍ አንደርስኮር ሲራ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ኤስኤፍ አንደርስኮር የምትለዋን ራሱ ነው የሚጨምረው። ባለቤቱ ሩት (የሊኑክሱ ዋና አስተዳዳሪ) ነው፣ ግሩፑ ቪቦክስኤስኤፍ ነው፣ ከነዚ ውጪ ያለ ሰው ማየትም አይችልም። እናንተ ግሩፑ ውስጥ የላችሁም፣ ለዛ ነው ቁልፉ። ለማየት፣ ኤልኤስ ሰረዝ ኤል ስላሽ ሚዲያ ብትሉ መስመሩ ላይ ሩት ቀጥሎ ቪቦክስኤስኤፍ የሚል ታያላችሁ። መፍትሄው፣

ሱዶ ዩዘርሞድ ሰረዝ ኤጂ ቪቦክስኤስኤፍ ዶላር ምልክት ዩዘር

ሰረዝ ኤጂ ላይ ኤዋ ትንሽ ጂዋ ትልቅ ናት፣ ኤዋን ከረሳችኋት ከሌሎቹ ግሩፖች ሁሉ ያስወጣችኋል፣ ሱዶም ጭምር፣ ከዛ ሌላ ጣጣ ነው። መጨረሻዋ ዩዘር በትልልቁ ፊደል ነው፣ የራሳችሁን ስም ራሷ ትተካለች።

አሁን ፎልደሩን ሄዳችሁ ብትነኩት አሁንም አይከፈትም። ተረጋጉ። ግሩፕ የሚታየው እንደገና ሎግኢን ስታደርጉ ነው፣ ተርሚናል ዘግቶ መክፈት አይበቃም፣ ሎግ አውት ወይም ሪስታርት። ከዛ ግሩፕስ ብላችሁ ስትጽፉ ዝርዝሩ ውስጥ ቪቦክስኤስኤፍ ካለ ጨርሳችኋል።

ሲኤችሞድ 777 ለማድረግ የሚሞክር ሰው ብዙ ነው። አትድከሙ፣ ሼርድ ፎልደር ላይ ፈቃድ የሚወሰነው ማውንት ሲደረግ ነው፣ ሲኤችሞድም ሲኤችኦውንም አይለውጡትም፣ ኤረርም ላይሰጡ ይችላሉ፣ ዝም ብለው ነው ያለፉት። በእጅ ማውንት ስታደርጉ የራሳችሁ እንዲሆን ከፈለጋችሁ፣

ሱዶ ማውንት ሰረዝ ቲ ቪቦክስኤስኤፍ ሰረዝ ኦ ዩአይዲ እኩል 1000 ኮማ ጂአይዲ እኩል 1000 ሲራ ቲልዳ ስላሽ ሙከራ

1000 ኡቡንቱ ላይ የመጀመሪያው ተጠቃሚ ቁጥር ነው፣ አይዲ ብላችሁ ጽፋችሁ የራሳችሁን አረጋግጡ። ፎልደሩ በፋይልስ እየተከፈተ አንድ ፕሮግራም ብቻ አላየውም ካለ ደሞ ፕሮግራሙ በስናፕ (ኡቡንቱ ፕሮግራም የሚጭንበት አንዱ መንገድ) የተጫነ መሆኑን እዩ፣ ስናፖች ሚዲያ ስር ያለውን ለማየት ሪሙቨብል ሚዲያ የሚባል ፈቃድ ለብቻ ይፈልጋሉ።

በየቀኑ ቡት ሲያደርግ እንዲመጣ

አውቶ ማውንት ሳጥኑን ነክታችሁ ማውንት ፖይንት በሚለው ቦታ ስላሽ ሆም ስላሽ የእናንተ ስም ስላሽ ሙከራ ብትሉት በቂ ነው፣ ከቨርቹዋል ቦክስ 6.0 ጀምሮ ያ ቦታ አለ። ኤፍኤስታብ (ቡት ሲያደርግ ምን ማውንት እንደሚደረግ የሚጻፍበት ፋይል) ላይ መጻፍ የሚወድ ሰው አለ፣ እኔ አልመክርም፣ ግን ከጻፋችሁ ኖፌይል የምትለዋን ኦፕሽን ከዩአይዲዋ ጎን ጨምሩ። ያለሷ አንድ ቀን ኤክስተርናሉ ሳይሰካ ወይም የሼሩ ስም ተቀይሮ ብትነሱ ቪኤሙ ጥቁር ስክሪን ላይ ኢመርጀንሲ ሞድ ብሎ ይቆማል፣ ያኔ ነው ሰው ኡቡንቱው ሞተ ብሎ እንደገና የሚጭነው።

አውቶ ማውንቱ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ካልተነሳ ሰርቪሱን እዩት፣ ሲስተምሲቲኤል ስታተስ ብላችሁ፣ ከሲዲው ከጫናችሁ ቪቦክስአድ ሰረዝ ሰርቪስ፣ በኤፒቲ ከጫናችሁ ቨርቹዋልቦክስ ሰረዝ ጌስት ሰረዝ ዩቲልስ። አረንጓዴ አክቲቭ ካላለ እሱ ነው።

ጌስቱ ዊንዶውስ ከሆነ

እዚ አካባቢ ይሄን በብዛት የማየው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ጋ ነው። ሆስቱ አዲስ ዊንዶውስ ነው፣ የድሮው ፒችትሪ አልጫን ብሎ ቪኤም ውስጥ በድሮ ዊንዶውስ ላይ ይሮጣል፣ ሪፖርቱን ማውጣት ሲፈለግ ሼርድ ፎልደር ይመጣል። ጌስት አዲሽኑን ከዲቫይስስ ሜኑ አስገብታችሁ እንደማንኛውም ሶፍትዌር ኔክስት ኔክስት ብላችሁ ጫኑና ሪስታርት፣ ከዛ ኤክስፕሎረሩ አናት ላይ ያለው አድራሻ ቦታ ላይ፣

ባክስላሽ ባክስላሽ ቪቦክስኤስቪአር ባክስላሽ ሲራ

ብላችሁ ኢንተር። ኔትወርክ የሚለው ውስጥ ባይታይም በዚ ሲገባ ይገባል። በዚም ካልገባ ጌስት አዲሽኑ በትክክል አልተጫነም። ፊደል እንዲኖረው ከፈለጋችሁ ሲኤምዲ ላይ ኔት ዩዝ ዜድ ኮለን ብላችሁ ያንኑ አድራሻ ጨምሩ። አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር፣ ፕሮግራሙን ራን አዝ አድሚኒስትሬተር ብላችሁ ስትከፍቱት ዜድ ድራይቩ ይጠፋል፣ ዊንዶውስ ለአድሚኑና ለተራው ተጠቃሚ ድራይቮቹን ለየብቻ ስለሚይዝ ነው፣ ሙሉ አድራሻውን ጻፉለት ይገባል።

ከዚ ሁሉ በላይ ግን የፒችትሪውን ካምፓኒ ዳታ ራሱን ሼርድ ፎልደር ላይ አታስቀምጡ። ዳታቤዝ ፋይል እየቆለፈ እየከፈተ ነው የሚሰራው፣ ሼርድ ፎልደር ደሞ ለዛ አልተሰራም፣ ሰኔ መጨረሻ ሂሳብ ሲዘጋ ዳታው ቢበላሽ ከማን ጋር ትጣላላችሁ። ዳታው ጌስቱ ሲ ድራይቭ ላይ ይሁን፣ ባክአፑን ብቻ፣ ያቺን ፒቲቢ የምትለዋን ፋይል፣ ወደ ሼሩ አውጡ። ያ ጥቅምም አለው፣ ቪኤሙ ዲስክ ቢበላሽ ባክአፑ ሆስቱ ላይ በህይወት አለ።

ብልሽት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ዌብ የምትሠሩ ልጆች፣ ፋይሉን ሆስቱ ላይ ሴቭ ስታደርጉ ጌስቱ ውስጥ ያለው ሰርቨር ራሱን ሪሎድ ካላደረገ ሼሩ አልተበላሸም፣ ሆስት ላይ የተደረገ ለውጥ ለጌስቱ ከርነል መልእክት አይልክም፣ ያ ሰርቨር የሚጠብቀው ደሞ መልእክቱን ነው። ፖሊንግ የሚል ኦፕሽን ካለው አብሩት። ኤንፒኤም ኢንስቶል ሼሩ ላይ ሲወድቅ ደሞ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም ማገናኛ) ነው፣ ቨርቹዋል ቦክስ ሼር ላይ ሲምሊንክ መፍጠር በራሱ ጊዜ የተዘጋ ነው፣ ለሴኩሪቲ ነው የዘጉት። የሚከፍት ኮማንድ አለ ግን እኔ ፕሮጀክቱን ጌስቱ ሆም ውስጥ አርጉ ነው የምለው፣ ሼሩን ለመግቢያና ለመውጫ ብቻ ተጠቀሙበት። ፍጥነቱም ያው ነው፣ አንድ ትልቅ ቪዲዮ በደንብ ያልፋል፣ አስር ሺ ትንንሽ ፋይል ግን ያንቀራፍፈዋል። እዚ ደብረ ብርሃን ብርዱ ለላፕቶፕ ደግ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሁለት ኦኤስ ባንዴ ስታስሮጡ ፋኑ እየጮኸ ራሱን ቀዝቀዝ ሊያደርግ ፍጥነት ይቀንሳል፣ እሱንም ሼሩ ላይ አታላክኩ።

ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀሙ

ቪኤምዌር ወርክስቴሽን በፈረንጆቹ 2024 ለሁሉም ነፃ ከሆነ ጀምሮ ብዙ ሰው ወደሱ ዞሯል። እዛ ሴቲንግ፣ ኦፕሽንስ፣ ሼርድ ፎልደርስ ላይ ኦልዌይስ ኢኔብልድ በሉት፣ ጌስቱ ውስጥ ኦፕን ሰረዝ ቪኤም ሰረዝ ቱልስ ሰረዝ ዴስክቶፕ የሚለውን በኤፒቲ ጫኑ። ስላሽ ኤምኤንቲ ስላሽ ኤችጂኤፍኤስ ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ቪኤምዌር ሰረዝ ኤችጂኤፍኤስክላየንት በሉ፣ የሼሩን ስም ካወጣ ሆስቱ ልክ ነው፣ የቀረው ማውንት ብቻ ነው፣

ሱዶ ቪኤምኤችጂኤፍኤስ ሰረዝ ፊውዝ ነጥብ ሆስት ኮለን ስላሽ፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ ኤምኤንቲ ስላሽ ኤችጂኤፍኤስ ሰረዝ ኦ አላው አንደርስኮር አዘር

አላው አዘርን ከተዋችኋት ሩት ብቻ ነው የሚያየው። ፎልደሩ ከሌለ በኤምኬዲር ቀድማችሁ ፍጠሩት።

ሆስታችሁ ሊኑክስ ሆኖ ቨርት ማናጀር የምትጠቀሙ ደሞ ቨርቲኦኤፍኤስ ነው ነገሩ፣ ሜሞሪ የሚለው ውስጥ ኢኔብል ሼርድ ሜሞሪን ካልነካችሁ ቪኤሙ ጭራሽ አልነሳም ይላል። ሃይፐር ቪ ላይ ግን እንደነዚ ያለ ሼርድ ፎልደር አትፈልጉ፣ በኔትወርክ ነው የሚኬደው።

ምንም ካልሆነ በኔትወርክ

ፋይሉ አሁኑኑ ከተፈለገ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ከሆነ ማለቴ ነው፣ ጥገናውን ለማታ ተዉትና በዚ አሳልፉት። ቪኤሙን ዝጉ፣ ኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ አዳፕተር 2ን አብሩና ሆስት ኦንሊ አርጉት። ሆስቱ በዚ መስመር ላይ አብዛኛውን ጊዜ 192.168.56.1 ነው፣ ዋይፋይም ኢንተርኔትም አያስፈልገውም፣ ዳታም አይቆርጥም። ሆስቱ ላይ ፓይተን ካለ የፈለጋችሁት ፎልደር ውስጥ ሲኤምዲ ከፍታችሁ፣

ፓይተን ሰረዝ ኤም ኤችቲቲፒ ነጥብ ሰርቨር 8000

ፋየርዎሉ ሲጠይቅ አላው በሉት፣ ጌስቱ ብራውዘር ላይ 192.168.56.1 ኮለን 8000 ብላችሁ ግቡ፣ ፋይሎቹ ተደርድረው ታያላችሁ፣ ዳውንሎድ። ሲጨርስ ሲኤምዲው ላይ ኮንትሮል ሲ፣ ክፍት አትተዉት።

ይሄ ከሆስት ወደ ጌስት ብቻ ነው። ሁለቱም አቅጣጫ ከፈለጋችሁ ፎልደሩን ዊንዶውስ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ ብላችሁ ሼር አርጉትና ጌስቱ ላይ ሲአይኤፍኤስ ሰረዝ ዩቲልስ ጭናችሁ፣

ሱዶ ማውንት ሰረዝ ቲ ሲአይኤፍኤስ ስላሽ ስላሽ 192.168.56.1 ስላሽ ሲራ ቲልዳ ስላሽ ሙከራ ሰረዝ ኦ ዩዘርኔም እኩል የዊንዶውሱ ስም ኮማ ዩአይዲ እኩል 1000

ፓስወርድ ሲጠይቅ የዊንዶውሱን ነው የምትሰጡት፣ በፒን የምትገቡ ከሆነ ፒኑ አይሰራም፣ የአካውንቱ ፓስወርድ ራሱ ነው የሚፈልገው፣ ፓስወርድ የሌለው አካውንት ደሞ ጭራሽ አያስገባም። ፐርሚሽን ዲናይድ ካለ ስሙና ፓስወርዱ ነው። ጠብቆ ጠብቆ ታይም አውት ካለ ፋየርዎሉ ነው፣ ዊንዶውሱ ያንን የሆስት ኦንሊ ኔትወርክ ፐብሊክ ብሎ መድቦት ይሆናል፣ ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግን ለፐብሊኩም ፍቀዱለትና ኮማንዱን ድገሙት።